ምናገባችሁን ማን አስገደፋት?

ውሻዬ ምናገባችሁ ትባላለች። ስሙን ያወጡላት ጎረቤቶቼ ናቸው፤ ሳያውቁት። የዛሬ ሦስት ዓመት ከሽሮ ሜዳ መንገድ ዳር አንስቼ፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ቡችላ ሆና፣ በጃኬቴ ደብቄ ወደ ግቢ ሳስገባት «ማን ሊያበላት ነው?»፣ «የት ልታድር ነው?»፣ «ሴት ውሻ ደግሞ ምን ታደርግልሃለች?» እያሉ ከበቡኝ። ለሦስቱም ጥያቄ የሰጠሁት መልስ አንድ ስለነበር እሱው ስም ሆኖ ቀረ። ገጠር ያደገ አንባቢ ይህ አይገርመውም። የጎረቤት ነገር ያንገበገበው ሰው ፊት ለፊት ከመሳደብ ውሻውን «ሰው ክፉ» ብሎ ይሰይምና ማታ ማታ ደጅ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠራዋል። ስድቡም ይደርሳል፣ ውሻውም ይመጣል፣ ሽማግሌ ፊት የሚያስቀርብ ነገርም የለም።

ምናገባችሁ አደገች። በዓመት ሁለት ጊዜ ወቅቷ በደረሰ ቁጥር የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ እንደ ዘይት ሰልፈኛ በራችን ላይ ተኮልኩሎ ያድራል። ሰልፉ በተበተነ በሁለት ወሩ ስድስት ቡችላ ወለደች። ስድስቱን ለስድስት ወዳጆቼ አከፋፍዬ፣ ስድስቱም ወዳጆቼ ሰላምታ ነሱኝ። እንግዲህ ይብቃ ብዬ ላስመክናት ቆረጥኩ።

ግቢያችን ስድስት ቤተሰብ ነው፤ አንደበት ግን የስልሳ አለው።

«ሰው በወረፋ ያልቃል፣ አንተ ለውሻ ኦፕራሲዮን ታሠራለህ?» አሉ እማማ።

«የማንም ወረፋ አልወሰደችም እማማ። የእሷ ሰልፍ በራችን ላይ ነው።»

«ብዙ ተባዙ የተባለውን ልታግድ?» አሉ መሪጌታ።

«መሪጌታ፣ ትእዛዙ ‹ምድርን ሙሏት› ነው የሚለው። እሷ የሞላችው ግቢያችንን ብቻ ነው።»

ጋሼ ግን ዝም ብለው ጫማቸውን አሰሩ። ጋሼ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ከአሰብ አዲስ አበባ ሲመላለሱ በኖሩበት ዘመን ሁሉ መንገዱ እንጂ በነገር የሚያዳልጣቸው ሰው አልተገኘም። «አብሬህ እሄዳለሁ» አሉኝ፤ «ለውሻ ካርድ ሲወጣ ሳላይ አልሞትም።»

እንስሳት ክሊኒኩ ደረስን፤ ካርዱም ወጣ።

«ስም?» አለች ካርድ የምታወጣው ልጅ።

«ምናገባችሁ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ለካርዱ ነው የጠየቅሁት።»

«ለካርዱም ያው ነው።»

«የውሻዋን ስም ነው ያልኩት።»

«እኔስ የማንን ነገርኩሽ?»

ጋሼ ገላገሉን። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ጻፈችና «ባለቤቷ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«እኔ አሳዳጊዋ ነኝ። ባለቤቶቿ በራችን ላይ ናቸው።»

ተራችን ደርሶ ነርሷ በበሩ ብቅ ብላ «ምናገባችሁ!» ብላ ስትጮህ አዳራሹ ጸጥ አለ። ስለ ይዞታ ካርታ በስልክ ሲጨቃጨቅ የነበረ አንድ ሰውዬ ስልኩን ዘግቶ ወደ ኪሱ ከተተ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ እጇ ላይ የድመት ጥፍር የጻፈባት መዓት ነው። ጋሼ ከእግር እስከ ራሷ ለኳትና «ልጄ፣ የከብት ሐኪም የሆንሽው ለሰው ነጥብ ሳይሞላልሽ ቀርቶ ነው?» አሏት። ቢሾፍቱ ስትማርም ይህን ሳትሰማ የዋለችበት ቀን እንደሌለ ፊቷ ያስታውቃል።

«የሰው ሐኪም በሽተኛውን ‹የት ጋ ነው የሚያምዎት?› ይለዋል፤ ይነግረዋል። እኔ ብጠይቅ ይነክሰኛል» አለች። «ነጥቡ ለየትኛው ከፍ ቢል ይሻላል ጋሼ?»

«ቢሆንም የሰው ሐኪሞች ፈንጣጣን ከምድር አጥፍተዋል። እናንተ ምን አጠፋችሁ?»

«ደስታን።»

ቀልድ አይደለም። ደስታ የከብቱ በሽታ ነው፤ በ1880ዎቹ መጀመሪያ በምጽዋ በኩል ገብቶ አገር ምድሩን ከብት የፈጀው፣ በሬ አልቆ እርሻ የቆመው፣ ሰውም ከብቱን ተከትሎ ያለቀበት፣ ክፉ ቀን የምንለውን ያመጣው። በሰው ልጅ ታሪክ ከምድረ ገጽ የጠፉ በሽታዎች ሁለት ብቻ ናቸው፦ ፈንጣጣ በ1980፣ ደስታ በ2011፤ ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር። የመጀመሪያው የሰው ሐኪሞች ነው፣ ሁለተኛው የከብት ሐኪሞች።

ጋሼ ግንባራቸውን መቱ። «ለካ ደስታ የጠፋው በእናንተ ነው! እኔ መንግሥት መስሎኝ ስንት ዓመት ሙሉ ሳማ ኖርኩ!»

ምናገባችሁ ሚዛን ላይ ወጣች፤ 18 ኪሎ። ማደንዘዣው የሚሰላው በክብደቷ ልክ ነው።

«በኪሎ?» አሉ ጋሼ። «ሥጋ ቤት አደረግሽው እኮ።»

«ሥጋ ቤት ሚዛን ቢዛነፍ የሚጎዳው ኪስዎ ነው። እዚህ መድኃኒቱ ካነሰ መሐል ላይ ትነቃለች፤ ከበዛ አትነቃም።»

ቀጥሎ ደም ተቀዳ፤ ጉበቷና ኩላሊቷ ማደንዘዣውን አጣርተው ማስወጣት ይችሉ እንደሆነ ለማየት።

«የኔ ጉበት አርባ ዓመት ሙሉ ማደንዘዣ ሲያስወጣ አንድ ሰው ዞር ብሎ አላየውም» አሉ ጋሼ።

«ይምጡና እናይልዎታለን። ሚዛኑ እስከ 100 ኪሎ ይችላል።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ከቀኑ ሁለት ቀን ቀደም ብዬ እንዳጥባት፤ ስፌቱ እስኪፈታ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን፣ ውሃ አይነካትምና። ስፌቷን እንዳትልስ አንገቷ ላይ የምትጠልቀውን የናፍጣ መቅጃ የመሰለ ፕላስቲክ ከወዲሁ ገዝቼ እንዳለማምዳት። ሆዷና የፊት እግሯ ላይ ጠጉሯ እንደሚላጭ፣ እንዳልደነግጥ። («ለኀዘን ነው?» አሉ ጋሼ። «ለመርፌ» አለች።) ከማደንዘዣዎቹ ኬታሚን የሚባለው ዓይን ሳያስከድን የሚያስተኛ ስለሆነ ዓይኗ እንዳይደርቅ ቅባት እንደሚደረግላት።

«ዓይኗን ከፍታ? እንደ ሌሊት ጥበቃ?»

«ጋሼ፣ የእናንተ ሰፈር ጥበቃ ዓይኑን ከፍቶ ነው የሚተኛው? ታድላችኋል።»

ዋናውን መጨረሻ ላይ አመጣችው። «ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ነው የምትገባው። ረቡዕ ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ ምንም አትበላም። ጉርሻ አይደለም፣ የጣት ልሳሽ። ውሃ እስክትወጡ ትጠጣ። ማደንዘዣ ጉሮሮን ያላላል፤ ሆድ ውስጥ ያለው ተመልሶ ይመጣና የሚያስለውም የሚውጠውም ስለሌለ ሳንባ ይገባል። ያኔ የኔ ስፌት ያምራል፣ ውሻዋ ግን የለችም።»

«ልጄ» አሉ ጋሼ በትዕግሥት፤ «ጾምን ለእኛ ነው የምታስተምሪው?»

ልክ ናቸው። ሰባት አጽዋማት ያሉን፣ በቀኖናው ሁሉ ከተቆጠረ በዓመት እስከ 250 ቀን የምንደርስ፣ ያን ሰዓትም ሑዳዴን አጋምሰን የተቀመጥን ሰዎች ነን። 11 ሰዓት ምን አላት?

ስንወጣ አንዲት ሴት ነጭ ጥንቸል በካርቶን ይዛ ተቀምጣለች። «ከትናንት ማታ ጀምሮ አስጹሜያታለሁ ዶክተር» አለች እየኮራች። ሐኪሟ ራሷን ያዘች። ጥንቸል አትጾምም። ማስመለስ የሚባል ነገር በተፈጥሮዋ የለም፤ አንጀቷ ደግሞ ሥራ ከፈታ ያ ራሱ በሽታ ነው። እስከ መጨረሻው ሣሯን መብላት አለባት።

ጋሼ ካርቶኑ ላይ ጎንበስ ብለው አዩዋት። «ሑዳዴን እንዳንቺ ሆኖ ማሳለፍ ነበር» አሏት። ያኔ ልጠረጥራቸው ይገባ ነበር።

ፕላስቲኩን አንገቷ ላይ አጥልቄ ግቢ ይዣት ስገባ ተከራዩ ተማሪ «ኢትዮሳት ነው ናይልሳት?» አለ። «አንተን እስካልሳበ ምን አስጨነቀህ» አልኩት። እማማ ከነአካቴው የአስማት ነገር መስሏቸው አማተቡ።

ረቡዕ ማታ ማስታወቂያ ጽፌ በር ላይ ለጠፍኩ፦ «ምናገባችሁ ዛሬ ትጾማለች። ምንም አትስጧት።» ተማሪው ‹ምናገባችሁ› የሚለው ላይ ሲደርስ ትንፋሹን ወስዶ አነበበው። «ይሄ ስድብ ነው ማስታወቂያ?»

«ለሚሰጣት ስድብ፣ ለማይሰጣት ማስታወቂያ።»

እማማ በወረቀት የሚገቱ ሰው አይደሉም። በ4 ሰዓት ከሩብ በነጠላቸው ሥር እንጀራ በሽሮ ደብቀው መጡ።

«አንዲት ጉርሻ ምን ታደርጋታለች? ዓይኗን እየው እስቲ!»

«ዓይኗ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው እማማ። በልታ ስትጠግብም እንደዚያ ነው የምታየው።»

«በሞቴ!»

«እርስዎ ‹በሞቴ› ይሉኛል፣ ሐኪሟ ‹በሞቷ› ትለኛለች። የትኛችሁን ልስማ?»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። እኛ የምናውቀው መጾም ነው፤ ማስጾም አናውቅም። ራሳችን ሁለት ወር ከቅቤ ተለይተን እንከርማለን፣ ሌላው ግን አንድ እራት ሲቀርበት አንጀታችን አይችልም። ለእንግዳ «ጠግቤያለሁ» የሚባል ቃል የማናስተምር፣ እምቢ ያለውን አፍ በጉርሻ የምንከፍት ሕዝብ ነን። የሆስፒታል አልጋ ላይ ‹ምንም እንዳይቀምስ› የተባለ በሽተኛ ትራስ ሥር አጥሚት ያላየ ነርስ ካለ እሱ ገና ዛሬ የተቀጠረ ነው። የውሻ ሐኪም ደግሞ ከዚህ የሚብስባት ነገር አላት፦ የሰው በሽተኛ ቢያንስ «እህቴ አብልታኛለች» ብሎ ያጋልጣል።

መሪጌታ ግን፣ ይመስገኑ፣ ከእኔ ጋር ቆሙ። «የነነዌ ንጉሥ ሰውም እንስሳም ምንም አይቅመስ ብሎ አውጇል፤ ዮናስ ላይ አለ። ከብት ከጾመ ውሻ የማይጾምበት ምክንያት የለም። ውሃም ከልክሏል።»

«ሐኪሟ ውሃ ፈቅዳለች መሪጌታ።»

«እንግዲያው ከንጉሡ ትሻላለች» ብለው ገቡ።

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነስቼ ሳያት ምናገባችሁ ከንፈሯን ትልሳለች። በሕልሟ ነው አልኩ።

ጠዋት የጠራሁት ታክሲ ሹፌር መስኮቱን ከፈተና «ውሻ አልጭንም» አለ።

«ወንድሜ፣ ከእሷ በፊት ማንን ጭነህ እንደመጣህ እኔ ጠይቄሃለሁ?»

ሳቀና ጫነን፤ ሲስቅ የዋጋውን ነገር ረስቶት ነበር፤ ስንወርድ አስታወሰው።

«በልታለች?» አለች ሐኪሟ።

«ከማታው 4 ሰዓት ጀምሮ ቅንጣት አልቀመሰችም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ዶክተር፣ ግቢው ሁሉ ጾመኛ ነው። ብትለምንስ ማን ቤት ምን ታገኛለች?»

የፈቃድ ወረቀት ቀረበልኝ። ጋሼ በትከሻዬ ላይ አጮልቀው «ምን እያልክ ነው የምትፈርመው?» አሉ።

«አንድ ነገር ብትሆን እንደማልከስ።»

«ድሮስ ደመ ከልብ ናት። ወረቀት ምን ያደርጋል?»

ሐኪሟ ጓንቷን እያጠለቀች «እኔ ጋ ደመ ከልብ የሚባል የለም» አለች። «ደሟ ተመርምሯል፣ ውጤቱ ፋይሏ ውስጥ ነው። የእርስዎ የት ነው ያለው?»

የመጀመሪያው መርፌ ማረጋጊያው ነው፤ ዛይላዚን ይባላል። አንድ አመል አለው፦ ከማስተኛቱ በፊት ሆድ ያገለባብጣል። ባዶ ሆዱን የመጣ ውሻ ትንሽ አረፋ አውጥቶ ያልፈዋል። ምናገባችሁ ቁጭ አለች፣ ምራቋን ዋጠች፣ ወገቧን እንደ ድመት አጎበጠች፣ ከዚያ ምሥጢሩን ሁሉ ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። ደገመችው።

አረፋ አይደለም። የደቀቀ ነው፣ ቀይ ነው፣ ያብለጨልጫል።

ነርሷ ጎንበስ አለች። አሸተተች። ወደ ሐኪሟ ቀና ብላ በጣም በዝግታ «ዶክተር… ለብለብ ነው» አለች። ቀጠለችና «ኮሰረት አለው።»

ሐኪሟ አፍና አፍንጫዋን በሸፈነው ጨርቅ ላይ እጇን ደረበች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። «ግቢው ሁሉ ጾመኛ ነው አላሉኝም?»

«ነው።»

«ምናገባችሁ እንደዚያ አላለችም።»

ወደ ጋሼ ዞርኩ፤ አንድ ነገር እንዲሉልኝ። በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሼ መልስ አጡ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስታወቂያ ያነባሉ፤ ያለ መነጽር።

«ጋሼ፣ ምነው ዝም አሉ?» አለች ሐኪሟ።

«ሚጥሚጣው…» አሉ።

«ሚጥሚጣ የሚባል ነገር ማን አነሳ?»

«ሽታው ነው! እዚህ ድረስ ይመጣል!»

ያን ቀን የሚቆረጥ ነገር አልነበረም። ጭልጥ ብላ ከመተኛቷ በፊት፣ ገና ራሷን እያወቀች ስላወጣችው ተመስገን ተባለ። ማረጋጊያው እስኪለቃት ጠብቀን፣ የመርፌውን ሒሳብ ከፍለን፣ ለሚቀጥለው ሐሙስ ተቀጥረን ወጣን።

በር ላይ ግቢው ሙሉ ቆሞ ይጠብቀናል።

«ተረፈች?» አሉ እማማ።

«እሷስ ተርፋለች። ያልተረፈው ሌላ ሰው ነው። ማታ ሥጋ ያበላት አለ።»

«በሑዳዴ? እግዚኦ! እኔ እንኳ ቅቤ ከሸተተኝ ስንት ጊዜዬ!»

«እማማ፣ ቅቤውን ማን አነሳው? ሥጋ ብቻ ነው ያልኩት።»

«ክትፎ ያለ ቅቤ ይሆናል እንዴ!»

«ክትፎውንስ ማን አነሳው?»

«አንተ ልጅ፣ አታድርቀኝ!» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ነገር የሚጸናው በሁለት ምስክር ነው። ውሻ አንድ ናት።»

«ሁለት ጊዜ አስመልሳለች መሪጌታ።»

«ሁለቱም የአንድ ሆድ ቃል ነው» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ረቱኝ። ግን ሰው ሳይጠረጠር ይህን ያህል ሕግ ምን ያስጠቅሰዋል?

ተማሪው ብቻ በነጻ ወጣ። «የክትፎ ዋጋ ታውቃላችሁ?» አለ። «ለውሻ የማካፍለው ቢኖረኝ የሁለት ወር ኪራይ ይኖርብኝ ነበር?» ድህነቱ ጠበቃ ቆመለት።

ጋሼ በመጨረሻ አንደበታቸው ተመለሰ። «ጅብ ነው» አሉ። «ከእንጦጦ የወረደ ጅብ ነው ጥሎላት የሄደው።»

«ጅብ ሚጥሚጣ ይነሰንሳል?»

«የዘንድሮ ጅብ የማያደርገው አለ? ድሮ ‹ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል› ይባል ነበር። አሁን ጅብ በቀደደው ውሻ እየገባች ነው።»

ሳምንቱ እንዴት እንዳለፈ ልንገራችሁ። ከማንም ቤት የሽንኩርት ቁሌት እንኳ ደፍሮ አልወጣም። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ሽሮ የሚቀምስ ጠፋ። ሁሉም ድስቱን ክዳኑን ከፍቶ፣ ለሚያልፍ ለሚያገድም እያሳየ ነው የሚያበስለው። ረቡዕ ማታ ደግሞ ማስታወቂያ መለጠፍ አላስፈለገኝም። እማማ መቁጠሪያቸውን ይዘው ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡ፤ ዓይናቸው የጋሼ በር ላይ። ጋሼ ጋቢያቸውን ተከናንበው በመስኮት፤ ዓይናቸው የመሪጌታ በር ላይ። መሪጌታ ዳዊታቸውን ይዘው በረንዳ ላይ፤ ገጹ ከማይገለጠው ዳዊት ማዶ ዓይናቸው እማማ ላይ። ውሻዋን የሚያይ አንድ ሰው አልነበረም። ምናገባችሁ ግራ ገብቷት ከአንዱ ደጅ ወደ አንዱ ስትዞር፣ የምትቀርበው ሰው ሁሉ ሁለት እጁን ከፍቶ፣ ባዶ መሆኑን ለግቢው እያሳየ ይሸኛታል።

ሐሙስ 3 ሰዓት ሐኪሟ መርፌዋን ይዛ ቆመች።

«ዛሬስ እርግጠኛ ነዎት?»

«ዶክተር፣ ግቢው ሁሉ እየጾመ ነው።»

«ባለፈውም ብለውኛል። ከመቼ ጀምሮ?»

«ካለፈው ሐሙስ።»